ተርቡን ለማባረር ቤቱን አታቃጥሉ

በጋምቤላ የክረምቱ ዝናብ ከግንቦት ጀምሮ ይበረታል። ባሮ ይሞላል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ አባጨጓሬውና ዝንቡ ይፈላል። እነዚህን እያደነ የሚኖረው ተርብም በዚሁ ሰሞን ጎጆውን ያሰፋል። አንዲት እናት ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ከሳምንታት በፊት የጠርሙስ ክዳን ታክል የነበረችው ግራጫ ነገር ከሣር ክዳኑ ጫፍ ሥር ተንጠልጥላ የእጅ መዳፍ አክላ ታገኛታለች። በላይዋ ላይ ወገባቸው የቀጠነ፣ እግራቸው የረዘመ ተርቦች ይርመሰመሳሉ። ማታ ለባለቤቷ ስትነግረው ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ግድ የለሽም፤ ዛሬ ማታ በችቦ አነደዋለሁ» የሚል ነው። በሌላው ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ሚስት «ይነሣልኝ» ስትል ባል «ካልነካነው አይነካንም፤ ተይው» ይላል።

ሁለቱም መልሶች በየቤቱ ያጨቃጭቃሉ። ሁለቱም እንደ ቦታው ትክክል ወይም ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። በችቦ ማንደድ የሚባለው ግን በሣር ክዳን ቤት ሥር በምንም ቦታ ትክክል አይሆንም።

እሳቱ ከተርቡ ይከፋል

በጋምቤላ ከተማ የቆርቆሮ ጣሪያ እየበዛ ቢመጣም በየቀበሌው፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ በአኝዋክና በኑዌር መንደሮች ሁሉ፣ የሣር ክዳን ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ቤቶቹ በአንድ ግቢ ውስጥ ተቀራርበው ይሠራሉ። በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ሣሩ ደርቆ ሜዳው በየአቅጣጫው ይቃጠላል። በዚያ ወቅት የጣሪያው ሣር ክብሪት እንደሚጠብቅ ጭድ ነው። በረጅም እንጨት ጫፍ ቤንዚን ወይም ላምባ የነካ ጨርቅ አስሮ ወደ ጣሪያ ጫፍ የሚያስጠጋ አባት ተርቦቹን ሊያቃጥል ይችላል። ከሣሩ ሥር የገባችውን አንዲት ፍንጣሪ ግን በጨለማ አያያትም፤ እርሷ ደግሞ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ልትነሣ ትችላለች።

«እኛ እኮ ከእሳትና ከጭስ ጋር ነው የኖርነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኑዌሮች ሉዋክ በሚሉት ትልቅ የከብት ቤት ውስጥ የደረቀ እበት እያጨሱ ትንኝና ዝንብ ከከብቶቻቸው ያርቃሉ፤ ከላያቸው ያለውም የሣር ክዳን ነው። ነገር ግን ያ እሳት መሬት ላይ፣ በቤቱ መካከል፣ ያለ ነበልባል ቀስ ብሎ የሚጤስ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ የሚጠብቀው ነው። ቤንዚን የጠጣ ጨርቅ ወደ ጣሪያው ጫፍ ማንሣት ከዚህ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት የእርሻ መድኃኒት ነው። ለእህል ተባይ የተገዛ ማላታይን ወይም ስሙ እንኳ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከጓዳ ወጥቶ ጣሪያ ላይ ይረጫል። ከጣሪያው ሥር ልጆች ይበላሉ፤ ዶሮ ይለቅማል፤ የውሃ እንስራ ይቀመጣል። የእርሻ መርጫ ፓምፕንም ለዚህ ሥራ መዋስ አይገባም። ውስጡ የቀረው የአረም መድኃኒት ታጥቦ የሚለቅ አይምሰላችሁ። የወባ ርጭት የሚያካሂዱ የሰለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት መምጣታቸውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእነርሱ ኬሚካል ለትንኝ ተለክቶ ግድግዳ ላይ የሚረጭ እንጂ ለተርብ ጎጆ የሚለመን አይደለም።

ጎጆው የማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ቀን ላይ፣ ከስድስት ከሰባት እርምጃ ርቃችሁ፣ በጸጥታ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሰው ሁሉንም «ተርብ» ይላቸዋል እንጂ በየቤቱ የሚገኙት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የየአንዳንዳቸውም መፍትሔ ይለያያል።

የመጀመሪያዋ ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ናት። ብቻዋን ትኖራለች፤ በግድግዳ ጥግ፣ በመስኮት ክፈፍ፣ አንዳንዴም በተሰቀለ ልብስ እጥፋት ውስጥ የጭቃ ቱቦ ትለጥፋለች። ጎጆዋን ለመከላከል ሰው ላይ አትዘምትም፤ በእጅ ካልያዟት በቀር አትናደፍም ማለት ይቻላል። ጭቃውን በቢላዋ ፋቅ አድርጎ ማውረድ ይበቃል። ውስጡን ብትከፍቱት የደነዘዙ ሸረሪቶች ተደርድረው ታገኛላችሁ። እናቲቱ ነድፋ አደንዝዛቸው፣ ከእንቁላሏ የሚወጣው እጭ ትኩስ ሥጋ እንዲበላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው።

ሁለተኛዋ ንብ ናት። ብዙ ንቦች በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ባለች አንዲት ቀዳዳ ሲገቡና ሲወጡ ካያችሁ፣ ሰውነታቸውም ጸጉራም ከሆነ፣ ይህ ለባልና ሚስት የሚተው ሥራ አይደለም። የአፍሪካ ንብ ስትቆጣ በመቶዎች ሆና ትወጣለች፤ ሰውንም ረጅም ርቀት ታሳድዳለች። እ.ኤ.አ. በ1956 ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተወሰዱት ንቦች በቀጣዩ ዓመት አምልጠው ከዚያው ንብ ጋር ተዳቅለው በአሜሪካ አህጉር የተሠራጩት፣ በዚያም «ገዳይ ንብ» የተባሉት፣ የእኛዎቹ ዘመዶች ናቸው። አንዲት ንብ ስትናደፍ የምትለቀው ሽታ የበሰለ ሙዝ ይመስላል፤ ሌሎቹን «እዚህ ኑ» ብሎ ይጠራል። ስለዚህ ንብ አናቢ ጥሩ። በጋምቤላ ክልል ንብ አናቢ አይጠፋም፤ የመዠንግር ሕዝብ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ከረጃጅም ዛፎች ላይ እየሰቀለ ማር በመቁረጥ የሚታወቅ ነው። ጎደሬና መንገሺን የሚያለብሰው የመዠንግር ደንም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እናንተ ልታቃጥሉት ያሰባችሁት መንጋ ለንብ አናቢው ሀብት ነው።

ሦስተኛዋና የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ፣ የወረቀት ጎጆ የምትሠራዋ ተርብ ናት። ሳይንቲስቶች ቤሎኖጋስተር፣ ፖሊስቴስና ሮፓሊዲያ እያሉ የሚከፍሏቸው ዘሮች በሞቃቱ የአፍሪካ ክፍል በሰፊው ይገኛሉ። ጎጆዋ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ቀዳዳዎቹም ወደ ታች ያያሉ። የምትናደፈው ሴቷ ብቻ ናት። መንደፊያዋ እንደ ንብ ሰው ቆዳ ላይ ተሰክቶ ስለማይቀር ደጋግማ መንደፍ ትችላለች። ርቃ ያለች ተርብ ሰው አትፈልግም። ጎጆዋ ሲነቀነቅ፣ ሰው ሲያስጠጋ ወይም ልጆች በወንጭፍ ሲመቷት ግን መንጋው ተከታትሎ ይወርዳል።

መጽሐፍ ቅዱስም ተርብን የሚያነሣው የጠላትን ሠራዊት እንደሚያባርር አድርጎ ነው (ዘጸ. 23፥28፤ ዘዳ. 7፥20፤ ኢያ. 24፥12)። ቃሉ ነፍሳቱን ራሷን ወይስ በጠላት ላይ የሚወርደውን ድንጋጤ ያመለክታል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። ሆኖም ከተርብ መንጋ የሮጠ ሰው ሁሉ ምሳሌው ለምን እንደተመረጠ ማብራሪያ አይፈልግም።

የግድ ይነሣ ወይ?

«ካልነካነው አይነካንም» ያለው ባል የተናገረው ከንቱ አይደለም። ጎጆው ከማንጎው ዛፍ አናት ላይ፣ ሰው ከማይመላለስበት ጓሮ ከሆነ ብትተዉት ይሻላል። ተርቢቱ ቀኑን ሙሉ አባጨጓሬ እያደነች፣ ቆራርጣና አላምጣ ለእጮቿ ታበላለች። በባሮ ዳር በቆሎና ማሽላ ለሚዘራ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች የበቆሎ ማሳዎችን ሲያወድም፣ ተመራማሪዎች የተምቹን ጠላቶች ሲፈልጉ ያገኙት ሌላ ትንሽ ተርብ ነበር። ኮቴሲያ ኢሲፔ ትባላለች፤ ከጉንዳን የማትበልጥ፣ ሰው የማትናደፍ፣ እንቁላሏን በተምቹ አካል ውስጥ የምትጥል ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በታዩት ማሳዎች ከተሰበሰቡት ተምቾች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የእርሷ እጭ የገባባቸው ነበሩ።

ስለ ሣር ክዳን ካነሣን አይቀር፣ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ታሪክ ለጋምቤላ ሰው በተለይ ይነገር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ቦርኒዮ ወባን ለማጥፋት በየቤቱ ዲዲቲ ተረጨ። ወባው ቀነሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን የቤቶቹ የሣርና የቅጠል ጣሪያ እየላሸቀ መውረድ ጀመረ። ሲመረመር ጣሪያውን የሚበላ አንድ የእሳት እራት አባጨጓሬ ተገኘ። አባጨጓሬው ድሮም ነበረ፤ ግን ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች እየገደሉት ቁጥሩን ይዘውት ኖረዋል። መድኃኒቱ ተርቦቹን ሲፈጅ አባጨጓሬው ግን የተረጨውን ሣር እየለየ መብላቱን ተወና ተረፈ። ባለቤቶቹ ያጡት ተርብ ብቻ አልነበረም፤ ጣሪያቸውንም አጡ። ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1963 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ታትሟል።

እንግዲህ መነሣት ያለበት የቱ ነው? ከበር በላይ ያለው፣ ከመጸዳጃ ቤት ደጃፍ ያለው፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ጥላ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው፣ ከውሃ ቧንቧ አጠገብ ያለው። በጸሎት ቤትም ቢሆን መዘምራን በሚገቡበት በር ላይ ወይም የሰንበት ትምህርት ልጆች ከሚቀመጡበት ማንጎ ሥር ያለው። በቤቱ ውስጥ ከዚህ ቀደም በንብ ወይም በተርብ ተነድፎ ፊቱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ደግሞ በአጥር ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ይነሣል፤ ያ ሰው ግን በሥራው አጠገብ አይድረስ።

በማታ፣ በሁለት ሰው፣ በሳሙና

ጊዜው ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ተርቦቹ ሁሉ ተሰብስበው ጎጆው ላይ ያርፋሉ፤ በጨለማም ለመብረር ይቸገራሉ። ቀን ላይ የሞከረ ሰው ግማሹን ቢገድል ሌላው ግማሽ ከአደን ሲመለስ ያገኘዋል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ልጆቹን ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ይዘጋል፤ የእጅ ባትሪውንም ያዘጋጃል። ባትሪውን በእጅ መያዝ ተርቦቹን ወደ ያዘው ሰው መጥራት ነው፤ ብርሃኑን ተከትለው ይመጣሉና። መሬት ላይ ወይም በርጩማ ላይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቀይ ፌስታል ብትሸፍኑበት ይበልጥ ይሻላል፤ ተርብ ቀይ ብርሃን በደንብ አታይም። ባልና ሚስቱ አስቀድመው ወዴት እንደሚሸሹ ይስማሙ፤ መንገዱ ላይ ያለውን ባልዲና መጥረቢያም ያንሡ። በጨለማ የሚሮጥ ሰው ከተርብ አምልጦ እግሩን ይሰብራል።

ልብስ ወፍራምና እጅጌው ረጅም ይሁን፤ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ይግባ። የፊት መከለያ የሚሸጥበት ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጋምቤላ ውስጥ አጎበር በብዙ ቤት ይገኛልና። ያረጀና ለመኝታ የማያገለግል አጎበር ክፈፉ ሰፊ በሆነ ባርኔጣ ላይ ጣል አድርጋችሁ ጫፉን ኮሌታ ውስጥ ክተቱት። ፊት ላይ ከተለጠፈ በላዩ ላይ ይናደፋሉ፤ ባርኔጣው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ልጆቹ የሚተኙበትን አጎበር ግን አትንኩ። ከተርብ ይልቅ ትንኟ ብዙ ሰው ገድላለች።

መድኃኒቱ ሳሙና ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ሳሙና፣ ወይም በደንብ የሟሟ ኦሞ ይበቃል። ተራ ውሃ ከተርብ ገላ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ሳሙና የነካው ውሃ ግን ሰውነቷን አርሶ በጎንና ጎኗ ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይገባል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትሞታለች። በንጹሕ የእጅ መርጫ ወይም በጣሳ አንድ ጊዜ፣ ጎጆውን ሙሉ በሙሉ የሚያርስ አድርጋችሁ ከረጫችሁ በኋላ ዘወር በሉ። ገና ሁለት ሦስት ተርብ ብቻ ያሉባት ጀማሪ ጎጆ ከሆነች በረጅም እንጨት አንድ ጊዜ ጥሎ መራቅም ይበቃል። ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ላለው ደግሞ ወፍራም ማዳበሪያ ከሥር አልብሶ፣ አፉን ጨብጦ ቅርንጫፉን መቁረጥና ማሰር ይቻላል። ፍሊትም ይገድላል፤ ግን በሳሙና የሚሠራውን ሥራ ለምን በመርዝ እንደምንሠራው አይገባኝም። ፍሊት የምትረጩ ከሆነም ኩራዝ፣ ሻማና ከሰል በአካባቢው እንዳይኖር፤ ጋዙ እሳት ይይዛል።

መሰላል ላይ የሚያስወጣ ሥራ ከሆነ አትጀምሩት። ነድፈዋችሁ ከመሰላል መውደቅ ከንድፊያው የከፋ ነው።

ከተነደፋችሁ

ብዙው ሰው ሲነደፍ ያመዋል፣ ያብጣል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይተወዋል። በሳሙና መታጠብ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ መያዝ፣ ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ማውለቅ በቂ ነው። ንብ ከሆነች የተሰካውን መንደፊያ ሳይዘገዩ በጥፍር መንቀል ይገባል፤ መርዙን መርጨቱን ስለሚቀጥል። ጭቃ ወይም እበት መለጠፍ ግን ይቅር፤ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በዚያ በኩል ይገባል።

የሚያሰጋው የሰውነት ቁጣ የሚባለው ነው። ከንድፊያው በኋላ በደቂቃዎች፣ አልፎ አልፎም እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የተነደፈው ቦታ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነት ሽፍ ሲል፣ ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ማስመለስና ራስ ማዞር ሲመጣ «እስኪ እንየው» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። መድኃኒቱ በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ለማሳከክ የሚሰጥ ክኒን አይተካውም። ታማሚውን አጋድሙት፤ እግሩንም ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ካቃተው ደግፋችሁ አስቀምጡት እንጂ እንዲራመድ አታድርጉ፤ ተሸክማችሁ ውሰዱት። አፉ ውስጥ ወይም ጉሮሮው ላይ የተነደፈ ሰው፣ እንዲሁም ብዙ ቦታ የተነደፈ ሕፃን፣ ምልክት ባይታይበትም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለስላሳ መጠጥ ለልጅ በኩባያ ቀድታችሁ መስጠቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ተርብ ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ አትታይም።

ጋምቤላ ከተማ ለሚኖር ሰው ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። እንደ አኮቦና ጂካዎ ባሉ ወረዳዎች ግን በክረምት ውሃ መንገዱን ሲዘጋ የአንድ ሰዓቱ ጉዞ የቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ የምትኖሩ ባለትዳሮች፣ ጎጆውን ከመንካታችሁ በፊት አንዳችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «አድሬናሊን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ በግድ መነሣት የሌለበትን ጎጆ ተዉት። መነሣት ያለበትን ደግሞ ከዚህ ቀደም ተነድፎ ቀላል ሕመም ብቻ የተሰማው ሰው ያንሣው።

በማግስቱ

ጠዋት ማታ ያልነበሩ ጥቂት ተርቦች ተመልሰው ባዶውን ቦታ ሲዞሩ ታያላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ተዉአቸው። ጎጆው የተንጠለጠለበትን ቦታ ፍቃችሁ በሳሙና እጠቡት፤ ዘንጉ ከቀረ እዚያው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የጣሪያውን ጫፍ ዞር ዞር ብሎ ማየት ለአንዱ ልጅ ሥራ ይሁን። በአውራ ጣት የምትሸፈን ጎጆ ስትገኝ ይንገራችሁ እንጂ ራሱ አይንካት።

የወደቀውን ጎጆ ወዲያው አታቃጥሉት። ማዳበሪያ ውስጥ አስራችሁ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት በኋላ ለልጆቹ ክፈቱላቸው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ስድስት ጎን አላቸው፤ ግድግዳቸውም ወረቀት ነው። ተርቢቱ ከአጥር እንጨትና ከደረቀ ግንድ እየፋቀች፣ በምራቋ እያላመጠች የሠራችው ነው። በአውሮፓ ወረቀት ከአሮጌ ጨርቅ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ሬኦሚር የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1719 ይህንኑ የተርብ ጎጆ አይቶ ከእንጨትም ወረቀት መሥራት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ፋብሪካዎቹ ወደዚያ የደረሱት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።